የእሁድ ኦቨርታይም

ልሳነወርቅ ለሚስቱ መዋሸት የጀመረው በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ነው። ከቅዳሴ እንደወጣ መኪናው ውስጥ ሆኖ ደወለላትና፣ «ዛሬ አልመጣም፤ ኦቨርታይም አስገብተውኛል» አላት። ርብቃ በእሁድ ቀን በረሮ ለማጥፋት የሚላክ ሰው ይኖራል ወይ ብላ አልተጠራጠረችም። «እሺ፣ ምሳህን ሳትበላ እንዳትውል» ብላ ስልኩን ዘጋች። እሱ ግን ወደ ሥራ አልሄደም። በሚኖርበት በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ላይ ወጣ፤ ከመስኮቱ አጠገብ ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ ከቦርሳውም አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ የቨርጂኒያ ስቴት ለተባይ ማጥፊያ ረጪዎች ለሚሰጠው ፈተና መዘጋጃ ነበር።

ዕድሜው ስልሳ ሊሆን የቀረው ጥቂት ነው። ቁመቱ መካከለኛ፣ ጉልበቱ ትንሽ የሚያመው፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። በዲቪ ከመጣ ወዲህ መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ ጠበቀ፤ ቀጥሎ በአንድ አነስተኛ የተባይ ማጥፊያ ድርጅት ተቀጠረና እዚያው ቀረ። ሥራው በየአፓርታማው እየገቡ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር መንበርከክ፣ ከምድጃው ጀርባ በባትሪ ማየት፣ ለበረሮ፣ ለትኋን፣ ለአይጥ የሚሆነውን መርጨት ወይም ማስቀመጥ ነው። ሙያውን ያውቀዋል። ነገር ግን እንደ እሱ ያለ ሠራተኛ የሚረጨው የምስክር ወረቀት ባለው ሌላ ሰው ኃላፊነት ሥር ሆኖ ነው፤ የራሱ ወረቀት የለውም።

የድርጅቱ ባለቤት ሳልቫዶራዊ ነው። ከፋሲካ በፊት አንድ ቀን ልሳነወርቅን ቢሮው ጠርቶ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ቅርንጫፍ ሊከፍት እንደሚፈልግ ነገረው። «ለዚያ ግን የቨርጂኒያ ወረቀት ያለው ሰው ያስፈልገኛል። አንተ ተፈትነህ ካለፍክ ቦታው ያንተ ነው። እስከ መኸር እጠብቅሃለሁ» አለው። ልሳነወርቅ ላስብበት ብሎ ወጣ፤ የማሰብ ሐሳብ ግን አልነበረውም። በዚህ ዕድሜ ማን መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል?

ሐሳቡን ያስቀየረችው ርብቃ ናት፤ እሷ ራሷ ግን አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ህይወት ከባሏ ጋር ከአሌክሳንድሪያ ወደ ደቡብ ባለችው ውድብሪጅ ትኖራለች። የበኩር ልጇን ብሩህን ስትወልድ ርብቃ «ሦስት ወር ላርሳት» ብላ አንድ ሻንጣ ይዛ ሄደች። ሦስቱ ወር ስድስት ሆነ። ህይወት ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ያን የሚያህል ሕፃን ለዴይኬር መስጠት ለእናትም ለአያትም አልሆነላቸውም። ክረምት አልፎ በጋ፣ በጋ አልፎ ክረምት መጣ፤ ብሩህ ሁለት ዓመት ሞላው፤ ርብቃ ግን እዚያው ናት። የተጣላ ሰው የለም። «ባለቤትህ የት አለች?» የሚለው ሲመጣ ልሳነወርቅ «ልጅ ጋ ናት» ይላል፤ ጠያቂውም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። አያት የልጅ ልጇን መያዟ ክብር እንጂ ነውር አይደለም፤ ነውር ባልሆነ ነገር ደግሞ አቤት አይባልም።

ታዲያ በፋሲካ ዕለት፣ ውድብሪጅ፣ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ርብቃ ሰሐን እያጠበች፣ «አሌክሳንድሪያ እንኳ ብንሆን ኖሮ ማታ ማታ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። ሀይዌይ ሳልነካ በሩት ዋን መንገድ ቀስ እያልኩ እመላለሳለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ግን ሌላ አገር ነው» አለች። ለማን እንዳለችው እንኳ አልታወቀም። ህይወት ስልኳን ታያለች፤ የልጅቱ ባል ቆሻሻ ሊጥል ወጥቷል። ልሳነወርቅ ግን ሰማ። ያን ማታ ብቻውን ወደ ሰሜን ሲመለስ ሬዲዮ አልከፈተም። በማግስቱ ወደ ድርጅቱ ባለቤት ቢሮ ገብቶ «እሞክራለሁ» አለው።

ይህን ሁሉ ለርብቃ ለምን አልነገራትም? ምክንያቱ የብሩህ ክርስትና ነው።

ያኔ የሜሪላንዱን ፈተና ተፈትኖ ነበር። ከመፈተኑ በፊት ነግሯት ስለነበር እሷ ለልጇ፣ ልጇ ለአማቷ፣ አማቷ ለማኅበርተኞቿ አደረሱት፤ ወሬውም በመንገድ ላይ «ሊፈተን ነው» የሚለውን ጥሎ «አለፈ» የሚለውን ይዞ ገባ። በክርስትናው ድግስ ላይ ሰው ሁሉ እጁን እየጨበጠ «እንኳን ደስ አለህ!» ይለው ጀመር። ልሳነወርቅ መውደቁን ያወቀው ከሁለት ቀን በፊት ነው። ከሰዉ መካከል ቆሞ ማንን ያርም? ሳህኑን እንደያዘ ቀኑን ሙሉ «አብረን ደስ ይበለን፣ አብረን ደስ ይበለን» ሲል ዋለ። ማታ እውነቱን ሲነግራት ርብቃ አልተቆጣችም፤ «ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ» ብቻ አለች። እሱ ግን ከዚያ ቀን የያዘው ትምህርት የሷ ተቃራኒ ሆነ። ነገር እጅ ሳይገባ ከአፍ አይወጣም፤ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲያልቅ ይነገራል። ዘመዶቹ ሁሉ እንደዚያው ነበሩ፤ ቪዛቸውን ያወሩት ፖስታ ቤት ገብተው ካወጡት በኋላ ነው፤ ቤት መግዛታቸው የተሰማው ዕቃ ሲጫን ነው።

ስለዚህ ብቻውን ያነባል። ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ቀይሮ፣ ለብቻው ከሠራው ወጥ ቀንሶ አሙቆ፣ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። እንግሊዝኛው በየመሥመሩ ያስቆመዋል። በአማርኛ የበረሮ መድኃኒት፣ የአይጥ መድኃኒት ሲባል ኖሯል፤ መጽሐፉ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የያዝከው መርዝ ነው ይለዋል። እጅህን ምን ይሸፍነው? ከዕቃው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ምን ይላል? ከዚያ ጽሑፍ ውጭ ብትጨምር ወይም ብትቀንስ ሕግ ጥሰሃል። ይህን ሁሉ እጁ ያውቀዋል፤ እጁ የሚያውቀውን አፉ በእንግሊዝኛ እንዲል ማድረግ ነው ጭንቁ።

በመጀመሪያው ፈተና የጣለውን የጥያቄ ዓይነት አልረሳውም። ተከራይ በረሮ አለ ብሎ ሲደውል መጀመሪያ የምታደርገው ምንድነው? የሚል ነበር። ልሳነወርቅ መርጨት ብሎ መለሰ። በሥራ ላይ እንደዚያ ነው፤ አንድ ሕንፃ በአንድ ጠዋት ማዳረስ ያለበት ሰው በሩ እንደተከፈተለት ፓምፑን ነው የሚይዘው። የመጽሐፉ መልስ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ተመልከት፤ ምን እንዳለ፣ የት እንዳለ፣ በምን እንደገባ እወቅ፤ መርጨት የመጨረሻው ነው። አሁን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሲያገኝ የራሱን ልማድ ወደ ጎን ትቶ፣ ጊዜ የተረፈው ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ያደርግ ነበር ብሎ ያስባል።

ብሩህ ሲተኛ ርብቃ በቪዲዮ ትደውላለች። ስልኩን በስኳር ጣሳው ላይ ከማስደገፉ በፊት መጽሐፉን በሆዱ ይደፋዋል፤ ስልኩ ጠረጴዛውን እንደማያሳይ ቢያውቅም ይደፋዋል። እሷ ብሩህ ያለውን ትነግረዋለች፤ እሱ ይስቃል። ከዚያ የሚባል ያልቃል። ጣሪያውን እያየች ትተነፍሳለች፤ እሱ የመስኮቱን መጋረጃ ያያል። «በል ደህና እደር።» «ደህና እደሪ።» ከዚያ መጽሐፉን መልሶ ያቀናዋል። ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ሰዎች ወንበር ሲጎትቱ ይሰማል፤ ስማቸውን አያውቅም።

ከልሳነወርቅ ጋር አንድ ቫን የሚጋራው ደምሴ ነው። ቤቱ ጌይተርስበርግ ነው፤ ታክሲ ነድቶ የሰለቸው፣ ወሬ ግን የማይሰለቸው ሰው ነው። ልሳነወርቅ አስቸጋሪ ምዕራፎችን በራሱ ድምፅ እያነበበ ስልኩ ላይ ቀድቶ በመንገድ ላይ በአንድ ጆሮው ይሰማል።

«መዝሙር ነው?» አለው ደምሴ አንድ ጠዋት፣ መሪውን በአንድ እጁ እንደያዘ።

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው ፊትህ ታክስ የሚሞላ ሰው መሰለ?»

ልሳነወርቅ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገ። ደምሴ አልተወውም።

«ስማ እንጂ ልሳን፣ እሁድ የት ነበርክ?»

«የት እሆናለሁ፣ ውድብሪጅ ነዋ።»

«ውድብሪጅ! ርብቃ ለኔዋ ሴትዮ ኮል አድርጋ፣ ‹ልሳነወርቅን እሁድ እሁድ አሠሩብኝ፤ ደምሴስ?› ብላታለች። ሚስቴ ደግሞ ዞራ እኔን፣ ‹አንተን ለምንድነው ኦቨርታይም የማይሰጡህ? ሰነፍ ነህ እንዴ?› አለችኝ። በሰው ቤት ኦቨርታይም እኔ ልሰደብ?»

«ይቅርታ።»

«ይቅርታ አይደለም የምፈልገው። ሴት ይዘህ እንደሆነ ንገረኝ፤ አልፈርድብህም። በዚህ ጉልበትህ ሴት ከተገኘችልህ እንኳን ደስ ያለህ ነው የሚባለው።»

«ኧረ በማርያም ተው።»

«ቁማር ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ምንድነው፣ ዙምባ?»

ልሳነወርቅ ሳይወድ ሳቀ። ለመናገር አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ለደምሴ መንገር ለደምሴ ሚስት መንገር ነው፤ ለሷ መንገር ደግሞ ጌይተርስበርግ ላለው ሐበሻ ሁሉ መንገር ነው። ጆሮው ላይ ያለውን ማዳመጫ አስተካክሎ መስኮት መስኮቱን አየ። የራሱ ድምፅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ ጓንትና ስለ ጭንብል ያነብለታል።

በጋው እየገፋ ሲሄድ ውድብሪጅ የሚሄደው ቅዳሜ ብቻ፣ እሱም በወር አንዴ ሆነ። በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ሲገባ ብሩህ ሮጦ ከርብቃ ቀሚስ ጀርባ ተደበቀ። «አባባ ነው እኮ! ልሳን አባባ!» አለችው። ልጁ አንድ ዓይኑን አውጥቶ አየው፤ ቀስ ብሎ «ሃይ» አለ፤ ለፖስታ አምጪው እንደሚለው። ሁሉም ሳቀ። ልሳነወርቅም ሳቀ፤ ተመልሶ ሲነዳ ግን የልጁን አስተያየት ደጋግሞ አሰበው። ሲያልቅ ይስተካከላል አለ በሆዱ። አሌክሳንድሪያ ስንገባ፣ ርብቃ ማታ ማታ ስትመጣ፣ አንዳንዴም ልጁን ይዛው ስታድር፣ ሁሉም ይስተካከላል።

ፍልሰታ ተፈትቶ በመጀመሪያው እሁድ ርብቃ ራሷ ደወለች። እሱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበረና ስልኩን ይዞ ወደ ደረጃው ወጣ።

«ዛሬስ ትመጣለህ?»

«ኦቨርታይም ነው፣ ርብቃ።»

«ዛሬም? የምንመካከርበት ነገር ነበረኝ።»

«በስልክ አይሆንም?»

«በስልክ የሚባል አይደለም። ፊት ለፊት ነበር የፈለግሁት።»

ልሳነወርቅ በመስተዋቱ በር ውስጥ ጠረጴዛውን አየ። መጽሐፉ የተከፈተው ስሌቱ ላይ ነው፤ ይህን ያህል ስፋት ላለው ወለል ስንት ጋሎን ውኃ፣ ስንት አውንስ መርዝ። ፈተናው ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፤ ስሌቱ ደግሞ ገና አልገባውም።

«በሚመጣው ወር ብመጣስ?» አላት።

«ግድ የለም። እኔው እጨርሰዋለሁ» አለች ርብቃ። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖርበት ተነሥቶ ወደ እሷ ይነዳ ነበር።

የፈተናው ቀን ለደምሴ የጥርስ ቀጠሮ አለኝ ብሎ ቀረ። ፈተናው የሚሰጠው አሌክሳንድሪያ መንጃ ፈቃድ በሚታደልበት ቢሮ፣ በኮምፒውተር ነው። ቁጥር ወስዶ ተቀመጠ። ዙሪያውን ያሉት የመጀመሪያ መንጃ ፈቃዳቸውን ሊያወጡ ከወላጆቻቸው ጋር የመጡ ልጆች ናቸው። ከፊቱ አንዲት እናት ለልጇ ውኃ ትሰጣለች፤ ትከሻውን ትጠርጋለች፤ ልጁ ያፍርባታል። ልሳነወርቅ ካናቴራውን በእጁ አስተካከለ። ይህን ቀን እዚህ መሆኑን በዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው አንድም አልነበረም፤ የድርጅቱ ባለቤት እንኳ ቀኑን አያውቅም። እንዲህ መሆኑን ሲፈልገው የኖረ ቢሆንም፣ ቁጥሩ ሲጠራ የሚያየው ሰው ፈልጎ ወደኋላው ዞር አለ።

ፈተናው ሁለት ክፍል ነው። በመጀመሪያው የኮምፒውተሩን ማውስ እየደጋገመ ያለ ቦታው ተጫነ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ረጋ። ስሌቶቹን በተሰጠው ወረቀት ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ ሠራቸው። በሜሪላንድ የጣለው፣ የክርስትናውን ድግስ የሚያስታውሰው ጥያቄም መጣ፤ አነጋገሩ ቢለይም ነገሩ ያው ነው። ልሳነወርቅ እጁን ከማውሱ ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ፤ መልሶችን ሁሉ እስከ መጨረሻው አነበበ፤ ከዚያ ተመልከት የሚለውን መረጠ።

አለፈ። ባንኮኒው ላይ ያለችው ሴት ወረቀቱን ስትሰጠው ሌላ ቁጥር እየጠራች ነበር።

ወደ መኪና ማቆሚያው ወጥቶ፣ በሩን ሳይከፍት፣ ኮፈኑ ላይ ተደግፎ ደወለ።

«ምነው በሥራ ሰዓት? ደህና ነህ?» አለች ርብቃ።

«ደህና ነኝ። ፈተናውን አለፍኩ።»

«የምን ፈተና?»

«የቨርጂኒያውን። የመርጨት ፈቃዱን። አሌክሳንድሪያ ቅርንጫፍ ሊከፍቱ ነው፤ ለኔ ሰጥተውኛል።»

ብሩህ ተኝቶ ኖሮ አፏን በእጇ ከድና እልል አለች፤ የታፈነ፣ ከሩቅ ግቢ የሚመጣ የሚመስል እልልታ ነው። «አንተ ጉድ! መቼ አጠናህ? በየት ጊዜህ?»

«እሁድ እሁድ።»

«ኦቨርታይም ያልከኝ?»

«ኦቨርታይም አልነበረም። ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ።»

«በየእሁዱ?»

«በየእሁዱ።»

መኪኖች ቦታ ፍለጋ ይዞራሉ። «እኔ እኮ...» አለችና ንግግሯን አቋረጠች።

«ምን?»

«ምንም። መንገዱ ሰለቸው፤ ለብቻው መሆኑንም ለመደው ብዬ ነበር።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያን ቀን ልንመካከር ያልኩህ፣ ህይወት ደግማ አርግዛለች። እኔ ካልያዝኩላት ሥራዋን ልትለቅ ነው። አንተን ሳልጠይቅ እሺ ማለት አልፈለግሁም ነበር። ስትቀር ጊዜ ግን... እሺ አልኳት። ከታች ያለውን ቤዝመንት እየሠሩልኝ ነው፤ የራሱ መታጠቢያ አለው። ማታ ሕፃኑም እኔ ጋ ነው የሚተኛ።»

«መቼ ነው የምትወልደው?»

«ለፋሲካ አካባቢ ነው።»

«እግዜር በሰላም ይገላግላት።»

«አሜን። ደስ አላለህም?»

«ደስ ብሎኛል። ጥሩ አድርገሻል።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ንገረኝ» አለች ርብቃ፤ አሁን ድምፅዋ ቀለል ብሏል። «ሲልቨር ስፕሪንግ ሁሉ ነገር አለህ፤ ቤተ ክርስቲያንህ፣ ደምሴ። በዚህ ዕድሜህ ከመጽሐፍ ጋር እንዲህ የታገልከው አሌክሳንድሪያ ምን ፍለጋ ነው?»

በፋሲካ ያለችውን አታስታውስም። መልሱ አጭር ነው፤ ሰሐን እያጠበሽ እንዲህ ብለሽ ነበር ብሎ መንገር ብቻ ነው። ከነገራት ምን እንደምታደርግም ያውቃል። ስልኩን ዘግታ ደረጃውን ትወርዳለች፤ ለልጇ አልቻልኩም ትላለች፤ ህይወትም እያለቀሰች «ኢትስ ኦኬ፣ ማም» ትላለች። ከዚያ ርብቃ ማታ ማታ ትመጣለች፤ በሩን ከፍታ ስትገባ ልቧ ግን እዚያ ቤዝመንት ውስጥ ይቀራል።

«ደመወዙ ይሻላል» አላት። «መንገዱም ቀና ነው።»

ርብቃ በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማት። «ጎሽ! እንዲያ ነው። ለኛም ቀረብክ፤ እሁድ እሁድ ትመጣለህ። እሁድ እንግዲህ ዶሮ እሠራለሁ።» ከዚያ ሳቋ መጣ። «አሁን ለሰው ልናገር ወይስ ትንሽ ልቆይ? ያንጊዜው ዓይነት እንዳይሆን።»

«አሁን ተናገሪ» አላት። «ወረቀቱን ይዤዋለሁ።»

ስልኩን ከዘጋ በኋላ መኪናው ውስጥ ገብቶ ትንሽ ቆየና ለድርጅቱ ባለቤት ደወለ። ሰውዬው በስፓኒሽ ጮኸ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ጥሩ ዜና ነው አለው። በሚመጣው ወር መጀመሪያ ሊጀመር ይችላል። እዚያው አሌክሳንድሪያ አካባቢ፣ ስካይላይን በሚባለው ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ አስተዳዳሪውን ስለሚያውቀው፣ ቤት ከፈለገ ዛሬውኑ ሊያናግርለት ይችላል።

«አናግርልኝ» አለ ልሳነወርቅ።

«ስንት ሰው ናችሁ?»

ልሳነወርቅ ሞተሩን አስነሳ።

«አንድ» አለው።